የበለዘ ጥርስና ጥርስ አስተካካዩ፤ የዶክተር ፍሬድሪክ ማኬይ ሕይወት

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ጥርስ ማስተካከል ሕክምናና ታካሚው ስለ ጥርስ ሽቦ ሊያውቀው ስለሚገባው ነገር አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ወደ አሳቤ የመጣው የዶክተር ኤድዋርድ አንግል ሕይወት ነበር። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። አንግል የዘመናዊው ኦርቶዶንቲክስ አባት ተብለው የሚጠሩ፣ በ1899 ያወጡት የጥርስ አገጣጠም አመዳደብ ዛሬም በየክሊኒኩ የሚሠራበት፣ ስማቸውን የማያውቅ የሙያ ባልደረባ የሌለ ሰው ናቸው። ነገር ግን ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። በአዳማና ከአዳማ ወዲያ በመቂ፣ በዝዋይ፣ በአርሲ ነገሌ አቅጣጫ በተዘረጉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚሠራ የጥርስ ሐኪም፣ ጥርሴ ይስተካከልልኝ ብሎ የመጣን ወጣት ወንበር ላይ አስቀምጦ አፉን ባስከፈተው ጊዜ በመጀመሪያ የሚያየው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የሚያየው የጥርሶቹን መደራረብ ወይም የላይኛው መንጋጋ ወደ ፊት መውጣቱን አይደለም፤ ቀለማቸውን ነው። ጥርሶቹ በልዘዋል። አንዳንዱ እንደ ኖራ የነጣ መስመር ይታይበታል፤ አንዳንዱ ቡና ዓይነት ሆኗል፤ አንዳንዱም ፊቱ ተቦርቡሯል። የአንግል አመዳደብ ስለዚህ ነገር የሚለው የለም።

ስለዚህ አሳቤን ለውጬ የሌላ ሰው ሕይወት ለመጻፍ ወሰንኩ። ይህ ሰው ጥርስ ማስተካከልን ራሱ ሙያው አድርጎ የያዘ፣ ነገር ግን የጥርሱን ቦታ ከማየት አልፎ ጥርሱ ራሱ ከምን እንደ ተሠራ በመጠየቅ ሠላሳ ዓመት ያሳለፈ ነው። ስማቸው ዶክተር ፍሬድሪክ ማኬይ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ማኬይ በ1874 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ሎውሬንስ በምትባለው ከተማ ተወለዱ። የጥርስ ሕክምና ትምህርታቸውን በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተከታትለው በ1900 ከተመረቁ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት ከአገሪቱ ምሥራቅ ተነሥተው ወደ ምዕራብ በመጓዝ፣ በሮኪ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ሥራ ጀመሩ። ወጣት ሐኪም ናቸው፤ ትምህርታቸው ገና ትኩስ ነው። ሆኖም ወንበራቸው ላይ የሚቀመጡት የከተማዋ ተወላጆች ጥርስ በተማሩበት መጽሐፍ ውስጥ ካሉት ሥዕሎች ከአንዱም ጋር አልመሳሰል አለ። የሚያዩት ቸኮላት የመሰለ ብልዝ ነው። ቢፍቁት አይለቅም፤ ቢወለውሉት አይጠፋም። ከጥርሱ ጋር አብሮ የተሠራ እንጂ በላዩ የተለጠፈ አልነበረምና።

ማኬይ ቀድመዋቸው በከተማይቱ የቆዩትን ባልደረቦቻቸውን ጠየቁ። መልሱ ትከሻን ከመነቅነቅ ያለፈ አልነበረም። ነገሩ ለሐኪሞቹ ከመለመዱ የተነሣ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ሕዝቡ ግን በበኩሉ ምክንያት አላጣም፤ የአሳማ ሥጋ ማብዛት ነው፣ ወተቱ መጥፎ ስለሆነ ነው፣ በውሃው ውስጥ ካልሲየም ስለበዛ ነው እያለ ያወራ ነበር። እዚህ ላይ ጥቂት ገታ ብዬ ስለ እኛም ልናገር። በእኛ አገር የበለዘ ጥርስ ያለውን ልጅ ወላጅም፣ መምህርም፣ አንዳንዴም ሐኪም የሚቆጣው ጥርሱን አይፍቅም ብሎ ነው። ሸንኮራ አገዳ በማኘኩ ነው የሚልም ገጥሞኛል። ልጁ ማለዳ ማለዳ መፋቂያውን ይዞ ድዱ እስኪደማ ሲፍቅ የኖረ ሊሆን ይችላል። ሲስቅ አፉን በእጁ የሚከድን ተማሪ አዳማ ውስጥ ያላየ ባልደረባ ያለ አይመስለኝም። ማኬይ ከሕዝቡ አሉባልታ ውስጥ ስለ ውሃ የተነገረውን ቀስ በቀስ አጥብቀው መያዛቸው፣ እንደ እኔ ግምት፣ የሕይወታቸው ዋናው ማስተዋል ነው። የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ወሬ ሳያጣራ መጣል ይቀናዋልና።

ሆኖም ከዚህ በፊት አንድ መለያየት ነበር። ማኬይ ለጥቂት ዓመታት ኮሎራዶን ትተው ወደ ሴይንት ሉዊስ ከተማ በመሄድ ጥርስ የማስተካከል ሥራ ያዙ። ሴይንት ሉዊስ በዚያ ዘመን ለዚህ ሙያ ዋና ከተማ እንደ ነበረች ማስታወስ ይገባል፤ አንግል በ1900 የኦርቶዶንቲክስ ትምህርት ቤታቸውን የከፈቱት እዚያ ነው። የዘመኑ አሠራር ከዛሬው በጣም የተለየ ነበር። ብራኬት በማጣበቂያ ጥርስ ላይ መለጠፍ አልታወቀም። በመንጋጋ ጥርሶች ላይ የብረት ቀለበት ይጠለቃል፤ ከቀለበት ወደ ቀለበት በጥርሶቹ ፊት እንደ ቀስት የታጠፈ ወፍራም ሽቦ ይዘረጋል፤ ያልተስተካከለው ጥርስ ደግሞ በቀጭን ማሰሪያ ሽቦ ወደዚያ ቀስት እየተሳበ ይታሰራል። አንግል ኋላ በ1925 እስካወጡት፣ አራት ማዕዘን ሽቦ እስከሚገባበት የብራኬት ስልት ድረስ አሠራሩ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። መሠረቱ ግን ያው ነው። ጥርስ በአጥንቱ ውስጥ እንደ ምስማር አልተተከለም፤ ሥሩን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው የጅማት ሽፋን አለው። ለስላሳ ኃይል ሳያቋርጥ ሲገፋው በሚገፋበት ወገን አጥንቱ ይሟሟል፤ በተወው ወገን አዲስ አጥንት ይሠራል፤ ጥርሱም በዚህ ዓይነት ቦታውን ይለውጣል።

በ1908 ማኬይ ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ተመለሱ። በሄዱበት አገር ያላዩትን ብልዝ በተመለሱበት አገር እንደገና በየአፉ ማየታቸው ነገሩን ዳግመኛ ሳያነሡ እንዳይቀመጡ አደረጋቸው። አሁን ግን ብቻቸውን አልሄዱም፤ ጉዳዩን ወደ ከተማይቱ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር አቀረቡ። ይህን ለማኅበራችን አባላት በልዩ ሁኔታ ማመልከት እወዳለሁ። በዚያ ጊዜ የመንግሥት ድጎማ አልነበረም፤ ቤተ ሙከራም አልነበረም። የነበረው በወር አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ፣ ምናልባትም እንደ ማንኛውም ማኅበር በመዋጮ ጉዳይ የሚከራከር የጥቂት ሐኪሞች ስብስብ ነው። እነዚህ ሰዎች በትምህርት ቤቶች እየዞሩ የልጆችን አፍ መረመሩ። በአካባቢው ተወልደው ካደጉት 2,945 ልጆች መካከል 87.5 ከመቶ የሚሆኑት ጥርሳቸው የበለዘ መሆኑን መዘገቡ።

ይህ ቁጥር አንድ ታላቅ ሰው አመጣ። በቺካጎ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ዲን የነበሩት ዶክተር ግሪን ቫርዲማን ብላክ የጥርስ መቦርቦርን አሞላል ሥርዓት ያስያዙ፣ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበራቸው ሊቅ ናቸው። ማኬይ በጻፉላቸው ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ኖሮ በሙያው ጽሑፎች ውስጥ ሳይመዘገብ ቀርቷል ብለው ለማመን ተቸግረው ነበር። የጥርስ ናሙና ተልኮላቸው፣ የምርመራውንም ውጤት ተረድተው በ1909 በጋ ራሳቸው ወደ ኮሎራዶ መጡ፤ በየጎዳናው የሚጫወቱትን ልጆች ጥርስ አይተውም ነገሩ እውነት መሆኑን ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞቱበት እስከ 1915 ድረስ ከማኬይ ጋር በመተባበር ሠሩ። የጥናታቸው ውጤት በ1916 ታተመ።

ከዚያ ጥናት የተገኙት ሁለት ነገሮች ለዛሬው ጥርስ አስተካካይ ከማንኛውም ይልቅ ስለሚጠቅሙ በእነርሱ ላይ ልቆይ። አንደኛ፣ ብልዙ የሚፈጠረው ጥርሱ በድድ ውስጥ ገና በመሠራት ላይ ሳለ መሆኑ ነው። በሕፃንነቱ በሌላ አገር ያደገና ቋሚ ጥርሱ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ የመጣ ሰው ሃምሳ ዓመት ቢቀመጥ ጥርሱ አይበልዝም። እንግዲህ በሽታው የንጽሕና ጉድለት ሊሆን አይችልም። ብላክ ጥርሱን ሰንጥቀው በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱት ጉድለቱ በኢናሜሉ ውጨኛ ክፍል፣ ኢናሜሉን የሚሠሩትን ዘንጎች እርስ በርሳቸው በሚያያይዘው ነገር ላይ መሆኑን አዩ። ሁለተኛ፣ ይህ ጎዶሎ መስሎ የሚታየው ጥርስ በመቦርቦር ረገድ ከሚጠበቀው ይልቅ ጠንካራ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ሰዎች በዚህ ተደነቁ፤ ሊያብራሩት ግን አልቻሉም።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ማኬይ አንድ ሌላ ነገር አገኙ። በ1901፣ ማለት እርሳቸው ሥራ በጀመሩበት ዓመት፣ በጣሊያን አገር በኔፕልስ ተመድቦ ወደ አሜሪካ የሚፈልሱትን መንገደኞች ይመረምር የነበረ ኢገር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም፣ በዚያ አካባቢ ተወላጆች ላይ ስለሚታይ የጠቆረ ጥርስ ጽፎ ነበር። ኔፕልስ በቬሱቪየስ ግርጌ ናት። የእሳተ ገሞራ አፈር፣ ከመሬት የሚፈልቅ ሙቅ ውሃ፣ የበለዘ ጥርስ። በሶደሬ ፍል ውሃ የታጠበ፣ ከአዳማ ወደ ወንጂ ሲወርድም በዙሪያው ያለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያየ አንባቢ ይህ ዝምድና ወዴት እንደሚያመራ አስቀድሞ ሳይረዳ አይቀርም። ማኬይ ግን ገና አላወቁም ነበር።

ቀጥለው የሄዱበት መንገድ የአንድ ወንጀል መርማሪ መንገድ ይመስላል። በ1923 ኦክሊ ወደምትባል በአይዳሆ ግዛት ወደምትገኝ ትንሽ ከተማ ተጠርተው ሄዱ። የከተማይቱ ወላጆች የልጆቻቸው ጥርስ መበለዝ የጀመረው ከአምስት ማይል ርቀት ላይ ካለ ሞቃት ምንጭ በቧንቧ ውሃ ካስገቡ ወዲህ መሆኑን አስተውለው ነበር። ማኬይ ውሃውን አስመረመሩ፤ ምንም የሚያጠራጥር ነገር አልተገኘበትም። እንዲያም ሆኖ ያንን ቧንቧ ትተው ከሌላ ምንጭ እንዲጠጡ መከሩአቸው። ይህ ምክር ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አስቡት። አንድ የጥርስ ሐኪም፣ በእጁ ያለው የምርመራ ወረቀት ውሃው ንጹሕ ነው እያለ፣ ድሃ ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው የዘረጉትን ቧንቧ ተዉት ይላል። ሰዎቹ ሰሙት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የታናናሾቹ ልጆች ቋሚ ጥርስ ሲወጣ ብልዝ አልነበረበትም።

ከዚያ ባውክሳይት መጣች። በአርካንሶ ግዛት ያለች፣ አልኮዋ የሚባለው የአሉሚኒየም ኩባንያ ለማዕድን ሠራተኞቹ የቆረቆራት የካምፕ ከተማ ናት። በ1909 የውሃ ጉድጓዶቿ ተለውጠው በጥልቅ ከተቆፈሩ በኋላ የተወለዱት ልጆች ጥርስ ሲበልዝ፣ በአምስት ማይል ርቀት ላይ ባለችው ጎረቤት ከተማ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ማኬይ ግሮቨር ኬምፕፍ ከተባሉ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ሐኪም ጋር ሄደው ይህንኑ አረጋገጡ። የተለመደው የውሃ ምርመራ ግን አሁንም ምንም አላሳየም።

የመጨረሻውን ቁልፍ ያገኘው ሰው የጥርስ ሐኪም አልነበረም፤ የኩባንያው ዋና ኬሚስት ሃሪ ቸርችል ነበር። በዚያ ወቅት የአሉሚኒየም ድስት መርዝ ነው የሚል ወሬ ይናፈስ ስለ ነበር፣ ቸርችል የኩባንያው ከተማ ልጆች ጥርስ መበለዝ ለወሬው ማስረጃ እንዳይሆን ሠጋ። ስለዚህ የባውክሳይትን ውሃ ማንም ባልመረመረበት ስልት፣ በብርሃን ስፔክትረም አስመረመረው። የተገኘው ፍሎራይድ ነው፤ መጠኑም 13.7 ሚሊግራም በሊትር። ቸርችል ስላላመነ አዲስ ናሙና አስመጥቶ እንደገና አስመረመረ። ያው ሆነ። በጥር ወር 1931 ለማኬይ ጽፎ ከሌሎቹ ብልዝ ካለባቸው ከተሞች ሁሉ የውሃ ናሙና እንዲልኩለት ጠየቀ። ማኬይ ሰበሰቡ፤ ሁሉም ከፍተኛ ፍሎራይድ ነበረበት። በዚያው ዓመት በአሪዞና ማርጋሬት ስሚዝና ባልደረቦቿ፣ በሰሜን አፍሪካም ቬሉ የተባለ ተመራማሪ፣ አንዱ ከሌላው ሳይነጋገር ወደዚሁ መደምደሚያ ደርሰው ነበር። ማኬይ ጥያቄውን ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ሞልቶአቸው፣ ዕድሜያቸውም ወደ ስልሳ ይጠጋ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ስለ ተጻፈ አላረዝመውም። የአሜሪካ መንግሥት ዶክተር ትሬንድሊ ዲንን መድቦ ጉዳዩን አስጠና፤ ዛሬ የምንጠቀምበትን የፍሎሮሲስ ደረጃ መለኪያም ዲን አወጡ። በሊትር ወደ 1 ሚሊግራም የሚጠጋ ፍሎራይድ ብዙ ሳያበልዝ መቦርቦርን እንደሚቀንስ ታወቀ፤ በጥር 1945 ግራንድ ራፒድስ የተባለችው ከተማ በውሃዋ ፍሎራይድ በመጨመር የመጀመሪያዋ ሆነች። ማኬይ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ የጠየቁት ጥያቄ በሌላው ዓለም የፍሎራይድ መጨመር ፖለቲካ ሆኖ ቀረ። ለእኛ ግን ጥያቄው ያኔም ዛሬም የፍሎራይድ መቀነስ ነው።

የኛን አገር ማስረጃ ላስታውስ። በ1954 በኔዘርላንድ ኩባንያ የተመሠረተው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ በኋላም ሸዋ የተጨመረበት እርሻ፣ ብዙ ሺህ ሠራተኛ ከየአውራጃው ሰብስቦ ከነቤተሰቡ ከጉድጓድ የተቀዳ ውሃ አጠጣ። በ1974 በአገራችን የሕክምና መጽሔት ላይ፣ በፍሎራይድ ብዛት የአከርካሪ አጥንቱ ተበላሽቶ ነርቩ የተጎዳ የወንጂ ሠራተኛ ታሪክ ወጣ። በ1987 ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች የተለካው ፍሎራይድ በሊትር ከ1.2 እስከ 36 ሚሊግራም የሚደርስ ሲሆን፣ ከልደታቸው ጀምሮ በአካባቢው ከኖሩት የተመረመሩ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው በልዞ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የመጨረሻ ወሰን 1.5 ነው። የአዋሽ ወንዝ ፍሎራይድ ከጥልቆቹ ጉድጓዶች ያነሰ ነው፤ አዳማም ዛሬ የተጣራ የአዋሽ ውሃ ትጠጣለች። ከከተማ ወጣ ሲሉ ግን ጉድጓዱ አለ። በዚህ የተነሣ በአንድ ክፍል ከሚማሩ ሁለት ልጆች አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቡናማ ጥርስ ሊኖረው ይችላል፤ ልዩነቱም እስከ ሰባትና ስምንት ዓመታቸው ከየት እንደ ጠጡ ነው።

እዚህ ላይ ማኬይና ብላክ ያዩትን ጥንካሬ በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። በቀላሉ የበለዘ ጥርስ መቦርቦርን ሊቋቋም ይችላል። የተቦረቦረ ፊት ያለው፣ ክፉኛ የተጎዳ ጥርስ ግን ምግብ ይይዛል፤ ይቀረፈፋል። በወንጂ ሸዋ ከ12 እስከ 15 ዓመት በሆናቸው ልጆች ላይ ተደርጎ በ2004 የታተመ ጥናት የብልዙ ክብደት በጨመረ መጠን መቦርቦርም እንደሚጨምር አሳይቷል። የበለዘ ጥርስ አይነቅዝም እያልን ታካሚን ማጽናናታችን እንግዲህ መቅረት አለበት።

አሁን ወደ ወንበራችን እንመለስ። በማኬይ ዘመን ቀለበቱ ጥርሱን ዙሪያውን ስለሚይዝ የኢናሜሉ ጠባይ አስተካካዩን ብዙ አያስጨንቀውም ነበር። በ1955 ማይክል ቡኦኖኮር ኢናሜልን በአሲድ አሻክሮ ማጣበቅን ካስተማሩ በኋላ ግን ሥራችን ሁሉ በኢናሜሉ ውጨኛ ንጣፍ ላይ ተመሠረተ። የበለዘ ጥርስ ውጨኛ ንጣፉ በማዕድን የተጫነ ስለሆነ አሲዱን ይቋቋማል፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ ቀዳዳ የበዛበት ነው። አሲዱ እንደሚገባ አይነክሰውም፤ ብራኬቱም እንደሚገባ አይይዝም። በሥራዬ መጀመሪያ ዘመን ከወንጂ መንገድ ለመጣች አንዲት ወጣት በሌላ አገር በተማርኩት ልክ፣ በተለመደው የአሲድ ጊዜ ብራኬት ለጠፍኩላት። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራቱ በወረቀት ጠቅልላ ይዛቸው መጣች። እኔም ጠንካራ ነገር ነክሰሽ ነው ብዬ ተቆጣኋት። እናትየዋ አብራ ነበረች፤ አንገቷን ደፋች እንጂ አልመለሰችልኝም። ጥፋቱ የእኔ እንደ ነበር የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ጥርሷን አይቼ ነበር፤ ውሃዋን ግን አልጠየቅኋትም።

ቀላል ብልዝ ከሆነ ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም። መካከለኛና ከባድ ከሆነ ግን አሲዱን ከተለመደው ጊዜ በላይ ማቆየት፣ ወይም ውጨኛውን ንጣፍ በጥቂቱ ፈግፍጎ ማንሣት፣ ተስማሚ ማጣበቂያ መምረጥ፣ ለመንጋጋ ጥርሶችም ከብራኬት ይልቅ የጥንቱን ቀለበት ማሰብ ይገባል። ሽቦው ሲወጣም የተዳከመ ኢናሜል አብሮ እንዳይላጥ እጅ ቀለል ይበል። ቀለሙን ማንጣት ወይም የጥርሱን ፊት መሸፈን የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከመስተካከሉ በኋላ ነው። ፎቶግራፍ ግን ከሁሉ በፊት መነሣት አለበት። ምክንያቱም በብራኬት ዙሪያ ያልተጸዳ ጥርስ በአንድ ወር ውስጥ እንኳ ነጭ ጠባሳ ሊያወጣ ይችላል፤ ይህም ጠባሳ ከፍሎሮሲስ ነጭ መስመር ጋር ስለሚመሳሰል ሽቦው በወጣ ቀን ማን ምን እንዳመጣ መለየት ያስቸግራል።

ለታካሚው የምንነግረው ነገር ደግሞ አለ። ወደ እኛ የሚመጣው ወጣት ብዙ ጊዜ ሁለቱን ምኞት አንድ አድርጎ ነው የሚመጣው፤ ሽቦ ሲታሰርልኝ ጥርሴ ይስተካከላል፣ ያምራልም፣ ይነጣልም ብሎ ያስባል። ወላጁ በሬ ወይም ምርት ሸጦ ያመጣው ገንዘብ በዚያ ምኞት ላይ ተመሥርቷል። ሽቦ ቦታን እንጂ ቀለምን እንደማይለውጥ ውል ከመፈረሙ በፊት በግልጽ መናገር ግዴታችን ነው። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ እንደሚወስድ፣ በየወሩ ገደማ መመላለስ እንደሚኖር፣ የመጓጓዣው ወጪ ከዝዋይ ወይም ከመተሐራ ለሚመጣ ሰው ከሕክምናው ዋጋ ጋር መቆጠር እንዳለበት፣ ሽቦው ከወጣ በኋላም ጥርሱ ወደ ጥንት ቦታው እንዳይመለስ ማቆያ መሣሪያ ማድረግ የግድ እንደሆነ መንገር ያሻል። ፍንጭቷን ውበት አድርጋ የምታይ ልጅ ብትመጣ ደግሞ ካልጠየቀችን አንዝጋባት። በመጨረሻም ስለ ታናናሾቹ ልንጠይቅ ይገባል። የተቀመጠችው ልጅ ጥርስ ተሠርቶ አልቋል። ቤት የቀረው የሁለት ዓመት ወንድሟ የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ግን በዚህ ሳምንት፣ በድዱ ውስጥ፣ በሚጠጣው ውሃ እየተሠሩ ናቸው። ማኬይ የኦክሊን ወላጆች ያነጋገሩት ስለ እነዚህኞቹ ነበር።

ማኬይ በመካከሉ ኮሎራዶን ለቅቀው ለብዙ ዓመታት በኒው ዮርክ ሠርተዋል፤ የቸርችል ደብዳቤ የደረሳቸውም እዚያ ሳሉ ነው። በስተርጅና የሙያ ማኅበራት አከበሩአቸው። በነሐሴ 1959 በሰማንያ አምስት ዓመታቸው አረፉ። በዚያ ክረምት፣ ፋብሪካው ሥራ በጀመረበት ዓመት በወንጂ ካምፕ የተወለዱት ልጆች አምስት ዓመት ሆኖአቸው ነበር። የወተት ጥርሳቸው ገና አልተነቃነቀም።